ከምድጃው ፊት ለፊት

ኅዳር 4

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የሰው አገር ብርዱ አይክበድብዎ፣ ሥራዎ ይቅናዎ። የምጽፍልዎ የወንድምዎ ልጅ ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ የዱቄት ጆንያ ላይ የምተኛ ሕፃን ነበርኩ። ቤት ውስጥ እስካሁን ጭምቷ ነው የሚሉኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ትምህርቴን ትቼ ዳቦ ቤቱ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስለዚህ የጽሑፌን ጉድለት ይለፉልኝ። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ የምጽፈውን እያየ ነው። ደህና ነው። ሰላም ይልዎታል።

የምጽፈው ስለ ምድጃው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ቤታችንን እስካሁን በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ሰሞኑን ቀያሾች መጥተው የዳቦ ቤታችንን ግድግዳ ቀይ ቀለም ቀቡት። ሰፊ መንገድ ሊያልፍ ነው፤ ቀይ የተቀባ ሁሉ ከክረምት በፊት ይፈርሳል አሉ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው፣ «ግድግዳችሁ ሊፒስቲክ ተቀባ፣ ሊድሩት ነው መሰለኝ» ብለው አሳቁኝ። እሳቸው የሚቀልዱት ሲጨንቃቸው እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የእሳቸው ደጃፍ አልተቀባም።

አንድ መውጫ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ከተማዋ መጽሐፍ እያስጻፈ ነው። ስመ ጥር ሰዎቿ፣ ቀደምት የንግድ ቤቶቿና ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ቦታዎቿ ይገቡበታል። መጽሐፉ የተቀበለው ቤት የነሐስ ሰሌዳ ይለጠፍለታል፤ መንገዱም ዞሮት ያልፋል። ፋርማሲው ገብቷል። ሲኒማ ቤቱ ገብቷል። የዳኛው ቤትም ገብቷል። ስለ እኛ ግን የሚያውቅ ሰው አጣን አሉ፤ ያውም በየጠዋቱ ዳቦአችንን እየበሉ። ማን ሠራው? እነማን ይመጡበት ነበር? ማስረጃው ምንድን ነው? ይላሉ።

የድሮውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እባክዎ ይጻፉልኝ። መኝታችን ከምድጃው ጀርባ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እሱ ከፈረሰ የምንገባበት የለንም። ከዚህ ይልቅ ግን የሚያስፈራኝ የአባዬ ነገር ነው። መዳፉን ጡቡ ላይ ሳያሳርፍ ቀኑን ጀምሮ አያውቅም። ጡቡ ከሌለ ቀኑን በምን እንደሚጀምር አላውቅም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጭምቷ፣

እደጊ፣ ተመንደጊ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጄ ዱቄት ስለነበረ ይኸው ፖስታው ላይ አሻራዬ ቀርቷል። ማስረጃ አምጡ ላሉሽ ሰዎች ይህን አሳያቸው። የዳቦ ጋጋሪ ዘር ማኅተሙ እንዲህ ነው በያቸው። እኔ ደህና ነኝ። ያለሁት ትልቅ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው፤ የእሳቱ ኃላፊ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጻፊ። ምድጃውን የሠራው የእኔ አያት፣ ያንቺ ቅድመ አያት ነው። ድንጋይ ሲጠርብ ሁለት ጣቶቹን ስላጣ ባለሦስት ጣት ይሉት ነበር። ያኔ ከተማዋ አንድ መንገድና ብዙ ጭቃ ነበረች። ጡቡን ራሱ ጠፍጥፎ፣ ራሱ ተኩሶ፣ ቅስቱን ብቻውን አቆመው። እሳቱን የለኮሰ ቀን ሰው ሁሉ እጁን ሊሞቅ መጣ እንጂ ዳቦ የገዛው አንድም አልነበረም አሉ።

የመጀመሪያው ከንቲባ ትኩስ ዳቦ ኮቱ ውስጥ ደብቆ ስብሰባ ይገባ ነበር። ተናዶ ጠረጴዛ ሲመታ ከደረቱ ፍርፋሪ ይረግፍ ነበር። ወርቅ ጉሮሮ ይሏት የነበረችው ዘፋኝ ድምጿ ሲዘጋ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ተደግፋ ትሞቅ ነበር። የሲኒማ ቤቱ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት የዘፈነችው ለሊጥ ነው። አባታችን ሊጡ በሷ ዘፈን ቶሎ ይነፋል ብሎ ይምል ነበር። ዳኛው ደግሞ ሞት በፈረደበት ቀን ዳቦ አይገዛም። በሰዓቱ ሳይመጣ ከቀረ አባታችን ማን ሊሞት ነው ብሎ መደብሩን ይዘጋና ይቀመጣል። ፋርማሲስቱ ቅጠላ ቅጠሉን የሚያደርቀው በእኛ ምድጃ ጀርባ ላይ ነበር። እሱ መጽሐፉ ውስጥ ገባ አልሽኝ? ይሁን፤ ለሳሉ መድኃኒት ሰጥቶናል።

ማስረጃ ካስቸገሩሽ ደግሞ ይኸውልሽ። ከምድጃው ውስጥ፣ ከቅስቱ መሐል፣ ሁሉንም ጡብ ደግፎ የያዘ አንድ ድንጋይ አለ። ባለሦስት ጣት ስሙንና ዘመኑን ቀርጾበታል። ቀና ብሎ ማየት ነው።

ወንድሜ ለምን በእጁ አይጽፍልኝም? ለአባታችን ቀብር አልመጣህም ብሎ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው? ሰላም ያለ ሰው አንድ መስመር አያጣም። እንዲህ ብሏል በይው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እጅዎ አይንጠፍ። ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወርቅ ጉሮሮዋ ጋ ስደርስ ፈገግ አለ። ስለ ቀብሩ የጻፉት ጋ ስደርስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደብዳቤውን ይዤ መጽሐፉን ወደሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሄድኩ። ጫማ ሰፊው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ በር ሸኙኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ስቀር፣ «ዕድሜ ልኬን የተቀደደ ስሰፋ ኖሬ፣ ተሰፍቶ የመጣ ስተረትር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በይ አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ። በሩን ራሳቸው ገፍተው አስገቡኝ።

ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። መንገድ ላይ ስደጋግመው የመጣሁት ቃል ሁሉ ጠፋ። ደብዳቤዎን ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጥቼ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ጸሐፊዋ ወጣት ናት። መነጽሯን አስተካክላ አነበበችላቸው። የከንቲባው ፍርፋሪ ጋ ስትደርስ ሳቁ፤ የዳኛው ጋ ስትደርስ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ደስ አለኝ፤ ተቀበሉን ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ሰውዬ፣ «ጥሩ ወግ ነው። ወግ ግን ግድግዳ አያቆምም» አለ።

«ድንጋዩን እንየው» አለች ጸሐፊዋ። «ስሙና ዘመኑ ካለበት እኔ ራሴ አስገባዋለሁ። አንቺ፣ ማየት ይቻላል?»

ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ ለማለት ይሁን አይቻልም ለማለት ራሴም አላውቅም። እሷ ግን እሺ ብላለች ብላ ጻፈች።

ጋሼ፣ ችግሩ እሳቱ ነው። በሕይወቴ ጠፍቶ አላየሁትም። ማታ በአመድ እናዳፍነዋለን፣ ጠዋት እንቀሰቅሰዋለን። ሙቀቱ ፊት አያስቀርብም፤ ጣሪያውንም ጥላሸት ሸፍኖታል። አባዬን ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ። ዳቦ ልናስገባ ስንል መዳፉን ወደ ምድጃው አፍ ዘርግቶ ራሱን ሲነቀንቅ ገና አልጋለም ማለቱ ነው፤ ይሄኛው ግን አይሆንም ነው። ለምን እንደማይሆን አልነገረኝም። አባዬ በዚህ ነገር ዝም ብሏል።

ምን ላድርግ? እሳቱን ላጥፋው? ኮሚቴው ብዙ አይጠብቀንም። ቶሎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 26

ለተከበሩ ጋሼ፣

ባሉበት ሰላም ይሁኑ። ምናልባት ያለፈው ደብዳቤዬ አልደረሰዎት ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ሄደች። ከታች ያለውን ወፍጮ ቤት አፈረሱት። አቧራው ሊጣችን ላይ እያረፈ ስላስቸገረን ሊጡን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነን ነው የምናሳድረው። አንድ ቃል ብቻ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል። አጥፊው ወይም አታጥፊው ይበሉኝ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 3

ለጭምቷ፣

እንደምን ከረማችሁ? ዘገየሁ፤ ረስቼሽ አይደለም። እጄን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት የመሰለው ለዚያ ነው።

እሳቱን አጥፉት። ምድጃውን ለማዳን እሳቱ ትንሽ ቢተኛ ባለሦስት ጣት አይቀየመንም። እንዴት እንደሚደረግ ወንድሜ ያውቃል። አባታችን ሁሉንም ያስተማረው ለሱ ነው፤ እኔማ ያኔም ልቤ መንገድ ላይ ነበር። ለሱ ይህን መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ዝም ብሏል አልሽኝ። እንግዲህ እኔን ቢያኮርፍ ተይው፣ ከምድጃው ጋር ግን አያኩርፍ። ለኔ ብሎ ሳይሆን ላንቺ ብሎ ያድርገው። የባለሦስት ጣትን ስም ስታነቡት ጻፊልኝ። ምን ዓይነት የእጅ ጽሑፍ እንደነበረው ሁልጊዜ እንደጓጓሁ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 27

ጋሼ፣

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ።

መጀመሪያ ያልነገርኩዎን ልንገርዎ። አባዬ አላኮረፈም። አባዬ መናገር አይችልም። ባለፈው ክረምት ሊጥ ሲያቦካ ወደቀ፤ ቀኝ ጎኑ ተያዘ፣ አንደበቱም ተያዘ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጀምር አባዬ ታሟል ብዬ ጽፌ ነበር። በግራ እጁ መስመሩን ሸፈነው። ወረቀት ቀይሬ እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና ሸፈነው። እርስዎ እንዲያዝኑለት አልፈለገም መሰለኝ። ስለዚህ ደህና ነው አልኩዎ። ሰላም ይልዎታል ያልኩትንም ከራሴ ነው የጨመርኩት።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኮሚቴው ሊመጣ ሲል ነው። ጸሐፊዋ ከዚህ በኋላ ቀን መስጠት አልችልም ብላኛለች። ለአባዬ አነበብኩለት። «ወንድሜ ያውቃል» የሚለው ጋ ስደርስ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ። ከዚያ ለቀቀኝና ግራ መዳፉን ወደ ምድጃው አፍ ገፋ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገፋ። ሂጂ የሚለኝ መሰለኝ። ሂጂ፣ የፈለግሽውን አድርጊ የሚለኝ መሰለኝ።

ፍሙን በአካፋ ዝቄ አወጣሁት። ቶሎ እንዲበርድ የምድጃውን አፍ ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ የጭሱንም መውጫ ከፈትኩ። ማለዳ ስለነበር የሚገባው ንፋስ ቀዝቃዛ ነበር። አባዬ ማልቀስ ጀመረ። በእሳቱ ምክንያት መስሎኝ አብሬው አለቀስኩ።

ትኩስ ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ቅርፊቱ የሚንጣጣውን ድምፅ ያውቁታል? መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ይመስላል። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ቀስ እያለ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ሄደ። ከዚያ ቅስቱ ወረደ።

አባዬ ሂጂ አላለኝም ነበር። ዝጊው ነው ያለኝ። አቧራው ሲሰክን፣ ባዶው ቦታ ፊት ተቀምጦ አሁንም መዳፉን ሲገፋ ሳየው ነው የገባኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን ለቅሜም አልጨርሰው።

ኮሚቴው መጣ። ድንጋዩ ከሦስት ተከፍሎ ከጡቡ መሐል ተገኘ። ጸሐፊዋ እጅጌዋን ሰብስባ ስብርባሪውን የሊጥ ዕቃ በምናጥብበት ባልዲ ውስጥ ራሷ አጠበችው። የሆነ ጭረት አለበት። ፊደል ይሁን የመሮ ምልክት፣ ማንም መናገር አልቻለም። ሁላችንም ተራ በተራ ጎንበስ ብለን አየነው። ያ ወግ ግድግዳ አያቆምም ያለው ሰውዬ፣ «የማይሠራ ዳቦ ቤት ምን ብለን እንጽፋለን?» አለ።

«የሞተ ከንቲባ ጽፋችሁ የለ እንዴ» አሉት ጫማ ሰፊው።

ማንም አልሳቀም። እሳቸውም አልሳቁም።

አባዬ ምግብ አይቀበለኝም። ጠዋት ጠዋት ግን እየተንፏቀቀ ሄዶ መዳፉን ቆሞ የቀረው ጡብ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ያነሳና መዳፉን ያየዋል። እንደዚያ ሲያይ ከማይ ቢመታኝ እመርጣለሁ።

ጋሼ፣ ከእንግዲህ ወግ አልፈልግም። ማስረጃም አልፈልግም። ይምጡ። የእሳት ኃላፊ ነዎት፣ ፈቃድ አይከለክሉዎትም። እሱ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ የቀረ የለም። ይምጡ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 2

ልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ለብዙ ቀን ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ ቤት ዝምታ ግን እንደ ከረመ ዱቄት ነቅዟል። አንቺ የሱን ደበቅሽኝ፣ እኔም የራሴን ደበቅኩሽ።

የእሳት ኃላፊ አይደለሁም። እዚህ እሳት የሚባል ነገር የለም። ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ ማሽን የጋገረውን ዳቦ በላስቲክ አሽጋለሁ። እኔ ጋ ሲደርስ በርዷል። ፖስታው ላይ ያየሽውን ዱቄት ሆን ብዬ ነው የቀባሁት። ጥር ላይ የጠፋሁት ማሽኑ እጄን ይዞት ሆስፒታል ስለነበርኩ ነው። አሁን እኔም ባለሦስት ጣት ነኝ። ይህን ለወንድሜ ንገሪው፤ ምናልባት ያስቀው ይሆናል። ለአባታችን ቀብር ያልመጣሁት፣ ዛሬም የማልመጣው በአንድ ምክንያት ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ከዚህ ክፍል ወጥቼ ጥግ ድረስ ስሄድም እየተሳቀቅኩ ነው።

ድንጋዩንም አላየሁትም። አባታችንም አላየውም፤ እሱም ከአባቱ ሰምቶ ነው። እሳቱ ጠፍቶ አያውቅማ፣ ማን ያየዋል?

ምድጃ ሲተኛ አፉ በጭቃ ይመረጋል። ሙቀቱ በራሱ ጊዜ፣ ሳይሰማ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ብርድ ድንገት ከገባበት ጡቡ ይሰነጠቃል። ይህን አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ። ያውቃል ብዬ ተውኩት። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ሲነግርሽ እኮ ነበር፣ እኔ ነኝ የሚልሽ እንዲገባሽ የሚያደርገውን መስመር ያስቀረሁብሽ።

አሁን ስሚኝ። ጡቦቹን አትጣሉ። የተሰነጠቀውን ለይታችሁ ደህናውን ከምሩ። እርጥብ አሸዋ እንደ ጉብታ ቆልሉና በመዳፍ ደልድሉት። ጡቡን ከሁለቱም ጎን እየጀመራችሁ ወደ መሐል ደርድሩበት። በየመሐሉ ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ እንዳታስገቡ፣ እሳት አይችልም። መሐል ላይ ሲገናኝ የመጨረሻዋን ጡብ ወንድሜ በግራ እጁ ያስገባት። ሲደርቅ አሸዋውን በአፉ በኩል ዝቃችሁ አውጡ። ከዚያ እሳት፣ ውሃ እንኳ የማያፈላ ትንሽ እሳት፣ በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ። የሚሠራ ዳቦ ቤት ካሉ ይኸው ይሠራል በያቸው። ጮክ ብለሽ በያቸው።

የምፈራው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው። ለወንድሜ ደግሞ፣ አላኮረፍክም ለካ፣ ይቅር በለኝ በይልኝ።

አጎትሽ


ሰኔ 11

ለተከበሩ ጋሼ፣

እጅዎ እንዴት ሆነ? ፈጣሪ የቀሩትን ጣቶችዎን ይጠብቅልኝ። ሁለታችን የደበቅነውን ሁሉ ለአባዬ ነግሬዋለሁ። ባለሦስት ጣት ሆኛለሁ ያሉት ጋ ስደርስ አልሳቀም። ግራ እጁን አንስቶ የራሱን ጣቶች እያጠፈ ሲዘረጋ ቆየ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። አፍራሹ ማሽን ብዙም አልደከመም፤ እኔ ጀምሬለት ነበርና። ከመፍረሱ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄጄ ነበር። በር ላይ ቆሜ ጥቂት ጊዜ ስጡን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት ጋሼ፤ ዘበኛው እንኳ ዞር ብሎ አይቶኛል። ቀኑ አልፏል አሉኝ። አሁን የምንኖረው ጫማ ሰፊው ቆዳ በሚያስቀምጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ደህናዎቹን ጡቦች በጋሪ አስጭነው አመጡልኝ። «ቆዳው ቢሸታችሁም ጡቡ ያጽናናችሁ» አሉን። ከአልጋችን ሥር ተደርድረዋል።

መጽሐፉ ወጣ። ጸሐፊዋ ራሷ አመጣችልኝ። በሩ ላይ ቆማ፣ «ሞክሬ ነበር» አለችኝ። አልገባችም።

የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነው። ከንቲባው ፎቶው አለ፣ ደረቱ ንጹሕ ነው። ወርቅ ጉሮሮዋም አለች። የእኛ ስም የለም። ግን ይስሙኝ። ፋርማሲው ያለበት ገጽ፣ «ከምድጃው ፊት ለፊት የሚገኘው ይህ ፋርማሲ» ብሎ ይጀምራል። ሲኒማ ቤቱ፣ «ከምድጃው ጥቂት አለፍ ብሎ» ነው። የዳኛው ቤት «ከምድጃው በስተጀርባ» ነው። ሌላውን ሁሉ በእኛ አገኙት፤ ለእኛ ብቻ ነው ቦታ ያጡልን። ትናንት መጽሐፉን የያዘ እንግዳ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «እህቴ፣ ምድጃው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። በእጄ ወደ አቧራው አሳየሁት። አመስግኖኝ ወደዚያው ሄደ፤ መሐሉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያይ ትቼው መጣሁ።

እነዚያን ገጾች ለአባዬ አነበብኩለት። ድገሚው በሚል ዓይን አየኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ግራ መዳፉን ገጹ ላይ አሳረፈ፣ ዳቦ ልናስገባ ስንል እንደሚያደርገው። ረጅም ጊዜ አላነሳውም። ሲያነሳው ራሱን ነቀነቀ።

በፊት ቢሆን ይህን ማለቱ ነው ብዬ ወዲያው እወስን ነበር። አሁን ግን ጠየቅኩት። «አይሆንም ነው አባዬ፣ ወይስ ገና አልጋለም?» አልኩት። ከአልጋው ሥር ወዳሉት ጡቦች አየ።

ጋሼ፣ ጫማ ሰፊው ምድጃ እንድንሠራበት ጓሯቸውን ሰጥተውናል። አሸዋው ምን ያህል ይርጠብ? እሱን አልጻፉልኝም። አባዬ ያውቀዋል፤ እርስዎ ግን ያውቃል ብለው አይተዉት። ሁሉንም ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ